የከፈተ ይዝጋ

መሥሪያ ቤቱ ሲጀመር ከጎማ ጠጋኝ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ከታች ጎማ ሲነፋ የላይኛው ወለል ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጓደኛሞች እዚያች ክፍል ውስጥ ተፋጠው ሲውሉ አንድ ነገር አሰቡ፦ በሽተኛ ደሙን ከሰጠ በኋላ ውጤቱን ፍለጋ ከመስኮት መስኮት ለምን ይንከራተታል? የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ለሐኪሙ ኮምፒውተር ራሱ ይንገረው እንጂ። አሰቡ፣ ሠሩ፣ ሆነላቸው። አንደኛው ዛሬ አለቃ ነው፤ ሁለተኛው ሞቷል።

የሞተውን ሁሉም «መምህሩ» ይሉት ነበር። ክፍል ገብቶ አስተምሮ አያውቅም፤ ግን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ባዶ እጁን አይነሳም። ታናሽ እህቱም እዚያው ትሠራለች። እሱ «እታለም» እያለ ሲጠራት ሰምተው ባልደረቦቿም እታለም አሏት፤ በዚያው ቀረ። በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ እታለም ነው የሚሏት።

የእታለም ሥራ ቁልፍ መጠበቅ ነው። የብረት ቁልፍ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ኮምፒውተር ከሌላው መረጃ ሲጠይቅ «አንተ ማነህ?» ይባላል፤ ያኔ የሚያሳየው ረጅም፣ ትርጉም የለሽ የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ። ባለሙያው ቶክን ይለዋል፤ እነሱ ቤት ግን ቁልፍ ነው የሚባለው። ክፋቱ ምን መሰላችሁ፣ በሩ ቁልፉን እንጂ የያዘውን ሰው ፊት አያይም። ሐኪም ይያዘው ሌባ ይያዘው ለእሱ አንድ ነው፤ የያዘ ሁሉ ይገባል።

ስለዚህ መምህሩ ገና ከጎማ ጠጋኙ በላይ ሳሉ ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ቁልፍ ያወጣውን ሰው ስም ይሸከማል፤ ያ ሰው ይጠየቅበታል፤ ሲለቅም በገዛ እጁ ዘግቶት ይሄዳል። «የከፈተ ይዝጋ» ይል ነበር። እያደር ሕጉ ወግ ሆነ። ሰው ሥራ ሲለቅ በመጨረሻው ቀን ሁሉም ከወንበሩ ኋላ ይቆማል፤ ተሰናባቹ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ሲዘጋ ይጨበጨብለታል። የሌላውን ቁልፍ መዝጋት ግን ነውር ነበር። ሰውየውን በቁሙ እንደ መቅበር ይቆጠራል።

ሥራው አደገ። ክሊኒክ በክሊኒክ ላይ፣ ሆስፒታል በሆስፒታል ላይ ተጨመረ፤ ሰፊ ሕንጻ ተከራዩ፤ ቁልፉም በዛ። እታለም ሁሉንም መልክ አስያዘችው። ለእያንዳንዱ ክሊኒክ የየራሱ ቁልፍ፤ ቁልፉም የገዛ በሩን ብቻ እንዲከፍት፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ እንዲዘጋ፤ ማንም በስልክ መልእክት እንዳይልከው፣ ኮድ ውስጥ ጽፎ እንዳይረሳው። ሰው ሲያማርርባት «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ትላለች፤ ሌላ መልስ የላትም። አለቃው ራሱ አንድ ጊዜ ቁልፉ ጊዜው አልፎበት በር ላይ ሲቀር፣ እንደማንኛውም ሰው ተሰለፍ ብላዋለች። በቁልፍ ነገር ወዳጅ ዘመድ አታውቅም።

ከአንድ ቁልፍ በቀር።

የመጀመሪያው ቁልፍ የመምህሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ክሊኒኩ አንድ ብቻ ነበርና ቁልፉ ሁሉን ይከፍታል፤ የማብቂያ ቀንም የለው። መምህሩ «እዘጋዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ» ሲል ታመመ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለም «ስወጣ እዘጋዋለሁ» አለ። አልወጣም። ከቀብር መልስ አለቃው ሠራተኛውን ሰብስቦ ሊናገር ቆመና አልቅሶ ተቀመጠ። እታለም ግን አላነባችም፤ ቀብሩ ላይም አላነባችም ብለው ያሟት ነበሩ። ታዲያ በዚያ ሰሞን ስለ ቁልፍ ማን ያንሳ? የከፈተ ይዝጋ ነው ሕጉ፤ የከፈተው ደግሞ አፈር ተጭኖታል።

በዚያ ላይ የትልቁ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውጤት ያኔም በዚያው በአሮጌው ቁልፍ ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ ጠዋት ማን እንደገባ የሚያሳየው ስክሪን ሲከፈት፣ ከሁሉ በፊት ብቅ የሚለው የመምህሩ ስም ነው። አንድ ቀን አንዱ «መምህሩ ገብቷል» አለ። ሳቁ። በማግስቱም አለ። ውሎ አድሮ የቤቱ ሰላምታ ሆነ፤ እንደምን አደራችሁ ማለት ቀርቶ «መምህሩ ገብቷል?» «ገብቷል» ይባባሉ ጀመር። እታለምም ስሙን አይታ ነበር ቀኗን የምትጀምረው። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስሙን ያዩ ነበር እንጂ ስሙ ምን ሲሠራ እንደሚውል ያየ ማንም አልነበረም።

አንድ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ አልወረደም፤ ከሥራዋ ብድግ ብላ የመጣች ናት። እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀመጪ ቢሏት አልቀመጥም አለች። እታለም ወጥታ አነጋገረቻት።

«የደም ውጤቴን ማን አየው?» አለች ሴትዮዋ።

«ሐኪምሽ ነዋ፣ እህቴ።»

«ሐኪሜ ሳይነግረኝ የባሌ እህት ነገረችኝ። ደጄ ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እየሰማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ የገዛ ደሜም ባዳዬ ኖሯል። ባሌ ልብሱን ይዞ ወጣ። እሱን መልሱልኝ ብዬ አልመጣሁም። ማን እንዳየው ብቻ ስሙን ንገሩኝ።»

ውጤቱ ምን እንደነበር አልነግራችሁም። እስካሁን ያዩት ይበቃሉ።

እታለም የሴትዮዋን የካርድ ቁጥር ተቀብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ውጤቱን የከፈቱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሐኪሙ ነው። ከሐኪሙ በፊት ግን ሌላ ሰው ከፍቶታል፤ የዚያ ሰው ስም የወንድሟ ስም ነው።

መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጠች አየች። የሕፃናት ክፍል የማያውቃቸው ሰዎች፣ ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሁሉም በእሱ ስም ተከፍተዋል። በሥራ ቀን፣ በእረፍት ቀን። ሙት ወንድሟ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ጓዳ ሲዞር ኖሯል፤ እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስሙን አይታ ደስ ሲላት ኖራለች። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ወጣችና ለልብስ ሰፊዋ «ነገ ጠዋት ተመለሺ፤ ስሙን እነግርሻለሁ» አለቻት። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት።

አለቃው ስክሪኑን አይቶ ቢሮውን ዘጋ።

«አሁኑኑ ዝጊው» አለ።

«አሁን ከዘጋሁት የሕፃናቱ ውጤት ይቆማል። ሄጄ አዲስ ቁልፍ ልስጣቸው፤ እንደተመለስኩ እዘጋዋለሁ።»

«ለሴትዮዋስ?»

«ስሙን እነግርሻለሁ ብያታለሁ።»

«የማንን ስም?» ድምፁ ወረደ። «እታለም፣ ሙት ወቃሽ እንሁን? ሌባ ገባ እንበላት። ውሸትም አይደለም፤ የገባውስ ሌባ አይደል?»

«በማን ቁልፍ ገባ ብትለኝስ?»

አለቃው ክፉ እንዳይመስላችሁ። ጓደኛውን ይወድ ነበር፤ ሰው ደግሞ ከሚጠላው ይልቅ ለሚወደው ሲል ነው የሚዋሸው። ቀስ ብሎ «እናትሽ ትሰማለች» አላት።

በዚህ ያዛት። እናቷ ገበያ ስትወጣ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ይመርቃታል። ልጅሽ ደጅ ከመጥናት ገላግሎናል፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልን ይሏታል። እናት ቤት ስትመለስ ምርቃቱን አንድ ሳታስቀር ትናገራለች፤ ሁለት ዓመት በእሱ ነው የቆመችው። ከመምህሩ የቀረው ስሙ ነው። ያንን ስም ነው እንግዲህ እታለም ነገ ጠዋት ለማታውቃት ሴት አሳልፋ ልትሰጥ ቃል የገባችው።

ሆስፒታል ሄዳ ለሕፃናት ክፍሉ ኮምፒውተር አዲስ ቁልፍ አስገባች፤ ሠራ። እዚህ ላይ መመለስ ትችል ነበር። ነገር ግን የቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ የሚነሱት ከዚያው ሆስፒታል፣ ከላይኛው ፎቅ የሕሙማን ክፍል መሆኑን አይታለች። ወንድሟ የሞተበት ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ረግጣው አታውቅም። አሁን ግን ወጣች።

የክፍሉ ዋና ነርስ ገና ሲያዩዋት አወቋት። «የመምህሩ እህት» ብለው አቀፏት፤ ወዲያው ዐይናቸው እንባ አቀረረ። እታለም የመጣችበትን ስትነግራቸው ሳያቅማሙ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ትንሽ ገጽ ናት፤ የመምህሩ ቁልፍ ውስጧ አለ፤ የበሽተኛ ቁጥር ሲጻፍባት ውጤቱ ይመጣል።

«እሱ ነው የሠራልኝ፣ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ። አጠገቡ የተኙ የአንድ ሽማግሌ ውጤት ደርሶ በሐኪሙ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፤ ሐኪሙ ግን ወጥቷል፣ እኛ ደግሞ አናይም። ሲነጋ ታየ። ምን ዋጋ አለው፣ ሽማግሌው አልፈዋል። ወንድምሽ ያን ቀን እህል አልቀምስም አለ። በማግስቱ ስልክዎን ይስጡኝ አለኝ።»

«ለማንም እንዳይሰጡ አላለዎትም፣ ሲስተር?»

«ብሎኛል እንጂ። አልሰጠሁምም። ለተረኛዋ ብቻ ነው የሰጠሁት። እኔ በሌለሁበት በሽተኛው ይሙት?»

«ተረኛዋስ?»

«ለሚቀጥለዋ ተረኛ ነዋ።» ሲስተሯ እየተናገሩ ሰንሰለቱ ለራሳቸውም የታያቸው ያኔ ነው። እታለም የልብስ ሰፊዋን ስም ሳትጠራ ውጤቷ መውጣቱንና ሰፈሯን ብቻ ስትነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የክፍሉ ጸሐፊ የዚያ ሰፈር ልጅ ናት፤ ያቺ ገጽም ስልኳ ላይ አለች።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ለእኔ ባልሰጠኝ ይሻል ነበር» አሉ። ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሸቴን ነው። ስንቱን አትርፈንበታል፣ የኔ ልጅ። ልትዘጊው ነው?»

«አዎ። ለእያንዳንዳችሁ ግን የየራሳችሁን እሰጣችኋለሁ። የዚህን ክፍል በሽተኛ ብቻ የሚያሳይ፣ ተራችሁ ሲያበቃ የሚዘጋ። ማን ምን እንዳየ በስሙ ይመዘገባል።»

«እንዲህ የሚቻል ከሆነ እሱ ያኔ ለምን እንዲህ አላደረገውም?»

«ጊዜ አልነበረውም፣ ሲስተር።»

ይህን ስትል ገና ለራሷ ገባት። የከፈተ ይዝጋ ያለው ሰው፣ መዝጊያ ቀን እንደሌለው እያወቀ ነው የከፈተው። አልተሳሳተም ብላ ልትከራከርለት ፈለገች። ተሳስቷል። ደግሞም ሽማግሌውን ያየ ሰው ሌላ ምን ያደርግ ኖሯል? ሁለቱንም ይዛ ደረጃውን ወረደች፤ አንዱን ጥላ አንዱን መያዝ አልቻለችም።

ነርሶቹ አዲሶቹን ቁልፎች ተቀብለው መሥራታቸውን ካረጋገጠች በኋላ መሥሪያ ቤት ተመልሳ ተቀመጠች። ማንም ሳይጠራ ሁሉም መጥቶ ከወንበሯ ኋላ ቆመ፤ አለቃውም መጣ። «ዝጋ» የሚለውን ስትነካው ሲስተሙ ጠየቃት፦ ይህ ቁልፍ የእርስዎ አይደለም፤ የሚዘጉበትን ምክንያት ይጻፉ። ጥያቄውን የጻፈው ራሱ መምህሩ ነው፣ ያኔ ከጎማ ጠጋኙ በላይ ሳሉ። እታለም ሁለት ቃል ጻፈችና ዘጋችው። ማንም አላጨበጨበም።

ወዲያው የመምህሩ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ አጠገቡ ግን «ተከልክሏል» ይላል። እንደገና ብቅ አለ፤ ተከልክሏል። አንዷ ስልክ የሆነ ቦታ ሆና እየሞከረች ነው። እታለም ያን ሁሉ እያወቀች ወንድሟ ደጅ ቆሞ የሚያንኳኳ መሰላት። አልከፈተችም።

ቤት ስትገባ እናቷ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች። እታለም አጠገቧ ተቀምጣ አንዱን አንሶላ በዚያኛው ጫፍ ያዘችላትና እያጣጠፉ ነገረቻት። ምንም አላስቀረችም፤ የልብስ ሰፊዋንም፣ የሽማግሌውንም።

«ጥፋት ነው የሠራው?» አለች እናቷ።

«ጥፋት ነው፣ እማ።»

«ለሰው ብሎ?»

«ለሰው ብሎ።»

እናት አንሶላውን ከእጇ ተቀብላ አስቀመጠችው። ሌላ አነሳች፤ መልሳ ጣለችው። «ሆድ ይፍጀው ብለሽ ብትተይው ኖሮ ደስ ባለኝ» አለች። «የእናት ነገር ነው፣ አትፍረጂብኝ። ግን ያቺም ሴት እናት አላት። ንገሪያት። ስሙን ስትጠሪ ግን ቀስ ብለሽ ጥሪው።»

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ደርሳ ነበር። ዛሬ ግን ተቀመጠች። አለቃው ሳይጠሩት መጥቶ ከእታለም ጎን ቆመ።

«ስሙን» አለች ሴትዮዋ።

እታለም ቀስ ብላ ስሙን ጠራች። «ወንድሜ ነው» አለች።

«የእኔም ጓደኛ ነበር» አለ አለቃው። ይህችን ለማለት ሌሊቱን ሙሉ ሳይታገል አልቀረም።

«የት ነው ያለው? ፊቱን ልየው።»

«የለም። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ውጤትሽን ያየችው በሆስፒታሉ የአንድ ክፍል ጸሐፊ ናት፤ ሆስፒታሉ አጣርቶ አውቋል፤ ብትከሺ እመሰክርልሻለሁ። የገባችው ግን በወንድሜ ቁልፍ ነው። አልጋ ላይ ሳለ በሽተኛ እንዲረዱበት ለአንዲት ነርስ ሰጥቷት ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ እዚያ ደረሰ።»

«ሁለት ዓመት።» ልብስ ሰፊዋ አሰበችበት። «መሞቱን አታውቁም ነበር?»

«ቀብረነዋል።»

«ታዲያ ለምን አልዘጋችሁትም?»

ለዚህ ብዙ መልስ ነበር፤ ሕጉ፣ የሕፃናቱ ክፍል፣ የሥራ ብዛት። እታለም ሁሉንም ተወችው።

«ጠዋት ጠዋት ስሙ ይታየን ነበር» አለች። «እሱን ላለማጣት ነው።»

ሴትዮዋ ተራ በተራ አየቻቸው። አልጮኸችም። «እናንተ ናፍቃችሁ የእኔ ቤት ፈረሰ» አለች።

ምን ይባላል?

«መዘጋቱን አሳዪኝ» አለች ሴትዮዋ። እታለም ይዛት ገባች፤ ስክሪኑን አዞረችላት። ሴትዮዋ ወገቧን አጠፍ አድርጋ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ድምፅ አውጥታ አነበበች። ስሙን አነበበች። ተዘግቷል የሚለውን አነበበች። ከዚያ የመጨረሻውን።

«ምክንያት፦ ባለቤቱ ሞቷል።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ይህ ቃል በሰው አፍ ተነግሮ አያውቅም። ከተለየን በኋላ ይሉ ነበር፤ ያኔ እሱ ሳለ ይሉ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ መምህሩ ገብቷል ይሉ ነበር። ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ሥራቸውን አቆሙ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። «ይቅር ብያለሁ አልልም» አለች። «ገና ነኝ።» ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን እንደያዘች ቆመች፤ ፊቷን አላዞረችም፤ መንገድ ላይ የሰው መርዶ እንደሰማ ማንኛውም ሰው፣ እንደ ልማዷ፣ «ነፍስ ይማር» ብላ ወጣች።

እታለም አሜን ልትል አፏን ከፈተች፤ ልቅሶው ቀደማት።